ስም ዝርዝሩን ከመላካችሁ በፊት ዓይናቸው ይታይልን

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «የትኩረትና የባህርይ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች» ተለይተው እንዲላኩ ስለወረደው ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የምንጽፍላችሁ በክፍለ ከተማችሁ ካሉት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆች ነን። በግልጽ የጻፍነው ሁለት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተን መልስ ስላጣን ነው። ሁለተኛውን ለማስገባት ስንሄድ መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ «የበፊቱም እኮ እዚሁ አለ» ብላ አሳየችን። ቁጥር ወጥቶለታል፤ ማህተም አርፎበታል። ለማንም አልተመራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ወረደ። ስም ጠሪ መምህራን «የትኩረትና የባህርይ ችግር» ያለባቸውን ተማሪዎች ለይተው፣ ቅጽ ሞልተው፣ በ10 ቀን ውስጥ እንዲልኩ የሚል ነው። ወላጆችም እየተጠራን እንድንፈርም ተደረገ። «ልጄን እመክራለሁ፤ ካልታረመ ለሚወሰደው እርምጃ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል የምንፈርመው ወረቀት።

ቅጹን አይተነዋል። 11 አምድ አለው። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ስንት ቀን ቀረ፣ ስንት ቀን አረፈደ፣ በክፍል ውስጥ ምን ያደርጋል፣ ወላጅ ተጠርቷል ወይ፣ ፈርሟል ወይ፤ እያለ ይቀጥላል። ልጁ ዓይኑ ታይቶ ያውቃል ወይ የሚል አምድ ግን የለውም። ጆሮውንም የሚጠይቅ የለም።

በዚያው ላይ፣ በየዓመቱ ባይሆንም ይደረግ የነበረው የተማሪዎች የዓይን ምርመራ ቀርቷል። አምና «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባለ። ዘንድሮ «በጀት የለም» ተባለ። ስለዚህ ዓይናቸው ያልታየ ልጆች «ትኩረት የላቸውም» ተብለው በማህተም ተመዘገቡ። ቅሬታችን ይኼ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አንደኛ፤ የማያይ ልጅ ምክር እንደማይሰማ ልጅ ተቆጥሯል።

በዝርዝሩ ላይ ያለ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለ። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን የምንጽፈው በእናቱ ፈቃድ ነው። ልጁ ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ሰሌዳው አይታየውም። ስለዚህ ይነሳል። ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሁለት ቃል ይይዛል፣ ተመልሶ ይጽፋል፣ ደግሞ ይነሳል። «ተቀመጥ!» ሲባል የጎረቤቱን ደብተር ይስባል። ደብተር ሲሳብ ጠብ ይነሳል። ቅጹ ላይ «ቦታው ላይ አይቀመጥም፣ ጓደኞቹን ይረብሻል፣ ሥራ አይጨርስም» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም እውነት ነው። መምህርቷ አልዋሹም። ከ60 በላይ ልጅ ይዘው እያስተማሩ ያዩትን ነው የጻፉት።

አንድ ነገር ግን ቅጹ አይጠይቅም። ይህ ልጅ መቼ ነው የሚቀመጠው? መምህርቷ ራሳቸው ሲጠየቁ ነገሩን አስታወሱት። ተረት ሲነገር ንቅንቅ አይልም። የቃል ጥያቄ ሲሆን እጁን ከሁሉ ቀድሞ ያወጣል። የሚቀዠቅዠው ጠመኔ ሲነሳ ነው።

እናቱ ጉልት ነው የሚቸረችሩት። «ዓይነ ጥላ ነው» ብለዋቸው ለወራት ጠበል አመላልሰውታል። በጠበሉ ላይ የምንለው የለም፤ ብዙዎቻችንም እንሄዳለን። ግን ዓይነ ጥላ ያሉት ሰዎች ሳያውቁት ግማሹን አግኝተውት ነበር። ነገሩ የታወቀው ፌርማታ ላይ ነው። «የሚመጣው ስንት ቁጥር ነው?» አሉት እናቱ። «የቱ?» አላቸው። አውቶቡሱ መንገዱን ይዞት ቆሟል።

ሲለካ ሁለቱም ዓይኑ ማይነስ ሦስት ተኩል ሆኖ ተገኘ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያው በማስመሪያ ነው ያሳዩን። ያቺ ተማሪዎች የሚይዟት 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ አለች አይደል? ከእሷ ጫፍ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ለዚህ ልጅ ብዥ ያለ ነው። ሰሌዳው ደግሞ ከመጨረሻው ወንበር ከሃያ ማስመሪያ በላይ ይርቃል።

መነጽሩን ባደረገ ቀን ማታ ለእናቱ ያወራላቸው ስለ ሰሌዳ አይደለም። ጋደም ብሎ ሽቅብ እያየ «እማዬ፣ ለካ ቆርቆሮው ሚስማር አለው» አላቸው። ይህን ሲነግሩን ሳቁም አለቀሱም።

ስሙ ዛሬም ዝርዝሩ ላይ አለ። ይሰረዝልን ብንል «አንዴ ከተላከ አይሰረዝም» ተባልን።

ሁለተኛ፤ ምርመራው በነበረበት ጊዜም የሚያየው ሩቁን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «እኛ» ማለቱን ልተወውና ስለ ራሴ ልጅ ልናገር። አምስተኛ ክፍል ናት። ምርመራው ሳይቋረጥ በፊት እሷም ተሰልፋ ታይታለች። በ6 ሜትር ርቀት ላይ ቆማ፣ አንድ ዓይኗን ሸፍና፣ የእንግሊዝኛውን «E» የምትመስለዋ ምልክት ወዴት እንደዞረች በጣቷ አሳየች። እስከ መጨረሻው መስመር። «ጤነኛ» ተብሎ ተጻፈላት። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኗ አስቤ አላውቅም። ለምን አስባለሁ? ወረቀት አለኝ።

ልጄ ስታነብ ራሷን ዴስኩ ላይ ታሳርፋለች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች። ቲቸሯ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች» አሉኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ የቤት ሥራ ሲጀመር አሥር ደቂቃ አትቆይም። ውሃ ጠማኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ እርሳሴ ተሰበረ፣ ራሴን አመመኝ። ራሴን አመመኝ ስትል «ቴሌቪዥን ሲሆን ለምን አያምሽም?» እላት ነበር። ቆንጥጫታለሁ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው፤ ግን ይጻፍ። ዝርዝሩ ላይ ከገቡት ልጆች ስንቱ እንደዚህ እንደተቆነጠጠ አላውቅማ።

ስሟ ዝርዝሩ ላይ ገባ፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ የኤ ዲ ኤች ዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም፣ ነገር ይሆናል ብዬ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቋት። «ስታነቢ ፊደሎቹ ምን ይሆናሉ?» «ይነባበራሉ» አለች። ደንግጬ «ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?» ብላት ዞር ብላ አየችኝና «ያንቺስ አይነባበሩም እንዴ?» አለችኝ።

ፈተናው እስክሪብቶ ነው፤ ሌላ መሣሪያ የለውም። ጫፉን እያየች ቀስ እያሉ ወደ አፍንጫዋ አመጡት። ጤነኛ የሆኑ ሁለት ዓይኖች ከአፍንጫ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪቀር፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጥ እስኪቀርብ፣ አብረው ይከተላሉ። የእሷ ገና ስንዝር ሲቀረው ቀኝ ዓይኗ ወደ ውጭ ሸሸ። በዓይኔ አየሁት። አምስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታነብ ያላየሁትን በአምስት ሴኮንድ አየሁት።

ባለሙያዎቹ ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ ይሉታል። ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ ያለ ነገር ላይ አብረው መግጠም ሲያቅታቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ደህና ያያል። ስለዚህ የ6 ሜትሩ ሠንጠረዥ አይዘውም። ሠንጠረዡ የሚፈትነው አንድ ዓይን ሩቅ ሲያይ ነው፤ መጽሐፍ የሚነበበው ግን በሁለት ዓይን ከቅርብ ነው። ቴሌቪዥን ሲሆን የማያማትም ለዚሁ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሩቅ ነው። የዚያ የእኔ ጥያቄ መልስ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበር።

«ፕላስ» የሚባለውም፣ ከሩቁ ይልቅ ቅርቡን ማየት የሚያስቸግረው፣ እንዲሁ ያመልጣል። ልጆች የዓይናቸው ሌንስ ገና ጉልበተኛ ስለሆነ፣ ታግለው ሩቁን አጥርተው ያነባሉ፤ ሠንጠረዡን ያልፋሉ። ቅርብ ሲሆን ትግሉ ይብሳል፣ ይደክማቸዋል፣ ከመጽሐፉ ይሸሻሉ። በትክክል ለመለካት ዓይንን የሚያዝናና ጠብታ ያስፈልጋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ምሕረት የለውም። ቡ እና ቢ የሚለዩት አንዲት ትንሽ ጭረት ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ላይ በሚለው ነው። ቤ ከእግሩ ሥር ቀለበት አለው። ለሚነባበርበት ወይም ብዥ ለሚልበት ልጅ ሦስቱም በ ናቸው። ስለዚህ ይገምታል። ሲገምት ይሳሳታል። ሲሳሳት ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ማንበቡን ይተወዋል፤ ማንበብ የተወ ልጅ ደግሞ እጁ ሥራ አያጣም።

ይህን ከራሳችን አውጥተን አይደለም የምንለው። እ.ኤ.አ. በ2005 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ያሉ የዓይን ሐኪሞች ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ የተገኘባቸውን 266 ሰዎች መዝገብ አገላብጠው ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት ኤ ዲ ኤች ዲ አለባቸው ተብለው እንደነበር አሳይተዋል። በጊዜው በሕዝቡ ውስጥ ይገመት ከነበረው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አንዱ ሌላውን ያመጣል አላሉም፤ እኛም አንልም። ግን ሁለቱ አብረው የሚገኙ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሌላውን የሚመስል ከሆነ፣ አንዱን ሳያዩ በሌላው መፍረድ ምን ይባላል?

ሦስተኛ፤ ዝርዝሩ እውነተኛ ኤ ዲ ኤች ዲ ያለበትንም ልጅ በድሏል።

እባካችሁ ነገሩን አትገልብጡብን። «የትኩረት ችግር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም መነጽር ነው የሚያስፈልገው» እያልን አይደለም። ከመካከላችን አንድ አባት አሉ። ልጃቸው ሁለተኛ ክፍል ነው። ዓይኑ ታይቶ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ተገኘበትና መነጽር ተሠራለት። «መነጽሩን አድርጎም ይዘላል» ይላሉ እየሳቁ። ኋላ በባለሙያ ታይቶ ኤ ዲ ኤች ዲ እንዳለበት ተረጋገጠ። አሁን ሁለቱም ይታከምለታል። መነጽሩ ቀልቡን አልሰበሰበለትም፤ የሚያነበው መስመር ላይ ግን እንደ ድሮው አይጠፋም። ይህን ጻፉልኝ ያሉን አባትየው ናቸው፤ መነጽር ገዝቶ ተአምር የሚጠብቅ ወላጅ እንዳይኖር ብለው።

ኤ ዲ ኤች ዲ በዓለም አቀፍ መስፈርት ሲለይ ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ መሆን አለባቸው። ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው። ከአንድ በላይ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። ሌላ ምክንያት የተሻለ የሚያስረዳቸው ከሆነም አይቆጠሩም። ስም ጠሪ መምህር በ10 ቀን ውስጥ፣ ፈተና እያረሙ፣ በአንድ መስመር የሚሞሉት ነገር አይደለም። ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅም፣ መነጽር የሚያስፈልገው ልጅም፣ እንዲያው ወንበሩ የተሰበረበት ልጅም በአንድ ቅጽ «ረባሽ» ሆነው ወጡ። ፈርሙ የተባልነው ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ልጅን በመምከር የማይድን ነገር እመክራለሁ ብለን።

አራተኛ፤ «ሪፈር» የተባለው ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ምርመራው በነበረበት ዓመት ችግር የተገኘባቸው ልጆች ብጣሽ ወረቀት ተሰጣቸው። «ለወላጅህ ስጥ» ተብለው። ትኩረት የለውም ለምንለው የስምንት ዓመት ልጅ! አንዲት እናት ወረቀቱን ያገኙት በክረምት ቦርሳ ሲያጥቡ ነው፤ የሚነበበው «ዓይን» የሚለው ብቻ ነበር። ማን ሄደ፣ ማን አልሄደም ብሎ የጠየቀ የለም።

የሄዱትም ሦስት ጠዋት ተሰልፈዋል። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ሦስት ጠዋት ሦስት ቀን እንጀራ ነው። በመጨረሻ የመነጽር ማዘዣ ይዘው ይወጣሉ፤ መነጽሩ ግን ራስህ ግዛ ነው። የጉልቷ እናት ለመነጽሩ ዕቁባቸውን ነው የተጠቀሙት። እጣ ባይወጣላቸውስ?

ስለ መነጽር የሚወራውንም ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ይኼ የኛ የወላጆች ጥፋት ነው። «መነጽር ዓይን ያደክማል፣ አንዴ ካደረገ አይለቀውም» የምንል ብዙ ነን። በትክክል የታዘዘ መነጽር ዓይን አያደክምም። እንዲያውም አንዱ ዓይን ከሌላው በጣም የደከመ እንደሆነ አንጎል የደካማውን ምልክት መቀበሉን እየተወ ይሄዳል፤ ሰነፍ ዓይን የሚሉት ነው። ይህ በደንብ የሚስተካከለው በልጅነት ነው፤ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ይበልጥ። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ላይ ያልታየ ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ ቢታይ እኩል አይደለም።

ልጆቹ ደግሞ መነጽር ያደረገውን «አራት ዓይና» እያሉ ያበሽቁታል። አራት ዓይና እኮ በአብነት ትምህርት ቤት አራቱን ጉባኤ ለጨረሰ ሊቅ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። አንድ መምህር ይህን በክፍል ውስጥ ነግረዋቸው መብሸቁ ጋብ አለ። እንዲህ ያለውን መምህር ቅጹ የሚመዘግብበት አምድ ቢኖረው ደስ ይለን ነበር።

አምስተኛ፤ «በጀት የለም» የሚለው መልስ አላሳመነንም።

ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ይመገባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣቸዋል። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሥራ ላይ ውሏል። እኛ የምንለው፣ ደብተሩ ከተሰጠ ልጁ ደብተሩ ላይ ያለውን ያየዋል ወይ ብሎ መጠየቅ የዚያው ሥራ አካል ነው። ልጆቹ ለምገባ በየቀኑ ይሰለፋሉ። ሰልፉ አለ። የጎደለው ሠንጠረዡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 3.7 በመቶው ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ሲሶ የሚሆነው በመነጽር የሚስተካከል ችግር ነው። ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ለትራኮማና ለሞራ የሚደረገው ዘመቻ ይቀጥል፤ ማንም አይቃወምም። ግን ዘመቻው ሲመጣ የሚታዩት በአብዛኛው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ «ዓይኔ ደክሟል» ብሎ አይመጣም፤ ያልደከመ ዓይን ምን እንደሚያይ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገራት እስከ 2030 የመነጽር ሽፋንን በ40 የመቶኛ ነጥብ ለማሳደግ ተስማምተዋል። አገራችንም አባል ናት።

ውጤቱ ደግሞ ተሞክሯል። በምዕራብ ቻይና በ251 የገጠር ትምህርት ቤቶች ለልጆች ነጻ መነጽር ተሰጥቶ የሒሳብ ውጤታቸው መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ልጆቹን መርምረው መነጽር ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት በአንድ ዓመት ውስጥ ንባባቸው መሻሻሉን አሳየ። ከሁሉ የበለጠ የተጠቀሙት እነማን መሰሏችሁ? ውጤታቸው ዝቅ ያለና ልዩ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች። ማለትም እዚህ ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ ላይ የሚገቡት። በሁለተኛው ዓመት ግን ጥቅሙ ቀነሰ፤ መነጽር ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ሳይደረግ ይቀራል። አንዴ ሰጥቶ ፎቶ ተነስቶ መሄድ እንደማይበቃ እዚያም ታይቷል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የተላከው ስም ዝርዝር የልጆቹ ዓይንና ጆሮ እስኪታይ ይታገድ። ወላጆች የፈረምነው ወረቀት ከልጆቻችን ማኅደር ይውጣ። ችግሩ ዓይን ሆኖ የተገኘ ልጅ ስሙ ይሰረዝ፤ መሰረዙም ለስም ጠሪ መምህሩ በጽሑፍ ይነገር። ቅጹ ወደፊትም ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ ከ11ዱ አምድ በፊት «ዓይኑ ታይቷል? መቼ? ጆሮውስ?» የሚል ይግባበት። ያልታየ ከሆነ የቀረው አይሞላ።

ምርመራው በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሁን፤ ጊዜ ካጠረ እንኳ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ክፍል አይቅሩ። ሩቁ ብቻ ሳይሆን ቅርቡም ይታይ፤ እስክሪብቶ በየመምህሩ ኪስ አለ። ሠንጠረዡን አልፎ ሳለ ራሱን የሚያመው፣ መስመር የሚጠፋበት፣ አንድ ዓይኑን የሚሸፍን ልጅ «ጤነኛ» ተብሎ እንዳይመለስ። መምህራን ሐኪም ይሁኑ አላልንም፤ የግማሽ ቀን ሥልጠና ምን ማየት እንዳለባቸው ያሳያቸዋል። የቀረውን ኦፕቶሜትሪስቶች፣ ማለትም ዓይን ለክተው መነጽር የሚያዙ ባለሙያዎች፣ ይሥሩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነሱን ማስመረቅ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ለክፍለ ከተማው በሙሉ በሳምንት አንድ ቀን የሚዞር አንድ ባለሙያ ይመደብ።

የሪፈር ወረቀት በልጅ እጅ አይላክ። ወላጅ በስልክ ይጠራ፤ የተላከው ልጅ ስም በትምህርት ቤቱ በአንድ ሰው እጅ ይያዝ፤ ያ ሰው ከወር በኋላ «ሄዳችሁ ወይ?» ብሎ ይደውል። መግዛት ለማይችሉት መነጽሩ እንደ ዩኒፎርሙና እንደ ደብተሩ ይቆጠር፤ ሲሰበርም ይተካ። እስከዚያው ወንበር ይዙር። ረጅም ልጅ ሁልጊዜ ከኋላ መቀመጥ የለበትም፤ ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ይጀመራል።

ለዚህ ደብዳቤ እስከ ሚያዝያ 30 በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። «ይታያል» የሚል ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ትምህርት ቤት እንደሚያይ የሚገልጽ ይሁን።

እኛ በበኩላችን ጀምረናል። 6 ሜትር ገመድ ለክተን ቆርጠናል። ሠንጠረዡን አንድ ወላጅ በሥራ ቦታቸው አትመው አምጥተዋል። ሁለቱም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለሙያ የላካችሁ ቀን እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።

ከሰላምታ ጋር

የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) የወላጆች ተወካይ
የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለስም ጠሪ መምህራን
ወረቀቱን ለፈረማችሁ ወላጆች በሙሉ